ለድሬዳዋ መንገድ የሚስማማ ትልቅ የቤተሰብ መኪና፦ የሞተርና የካምቢዮ አመራረጥ መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ትልቅ የቤት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለሙ፣ ከሞዴል ዓመቱና ከዋጋው ነው። የሞተሩና የካምቢዮው ዓይነት የሚነሣው ዋጋው ሊቆረጥ ሲቃረብ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ መኪና በአንድ አጭር ጉዞ ውስጥ የቆላውን ሙቀትም የደጋውን ስስ አየርም ያገኛል፤ አምስት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ከያዘ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው መስማማት አለመስማማታቸው እዚያው ዳገት ላይ ይለያል። ስለዚህ የሚመረጠው ሞተር ብቻውን ወይም ካምቢዮ ብቻውን ሳይሆን ሁለቱ አንድ ላይ፣ ለዚህ መንገድና እዚህ ላለው መካኒክ በሚመቹበት አኳኋን ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምርጫውን ከቀድሞው የበለጠ ከባድ ያደረገው ሌላ ጉዳይም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት በመከልከሉ ገበያው አገር ውስጥ ባሉት ያገለገሉ መኪኖች ላይ ቆሟል። ቀደም ሲልም የኤክሳይዝ ታክስ ሕጉ ከ1800 ሲሲ በላይ ሞተር ባላቸው የቤት መኪኖች ላይ ለረጅም ዓመታት 100 በመቶ ይጥል ስለነበር፣ 2.4፣ 2.5 ወይም 3.5 ሊትር ሞተር ያላቸው እንደ ካምሪ፣ አኮርድ፣ ሶናታና አልቲማ ያሉ መኪኖች ከኮሮላና ከቪትዝ ጋር ሲነጻጸሩ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ቁጥሩ ጥቂት የሆነ መኪና መለዋወጫውም ጥቂት ነው። በተሳሳተ የሞተርና የካምቢዮ ጥንድ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ መላክ ሊኖርበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ መንገድዎን፣ ጭነትዎንና መካኒክዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

መኪናው የሚውለው ከሳቢያን ወደ ከዚራ ልጆችን ለማመላለስ ብቻ ነው ወይስ በየሳምንቱ ሐረር ደርሶ ይመለሳል? በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቤተሰቡን ይዞ ቁልቢ ገብርኤል ይሄዳል? ለሠርግና ለለቅሶ በአሰበ ተፈሪና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል? ወይስ ጉዞው በሜዳው በደወሌ መስመር ነው? ለእያንዳንዱ ጉዞ ስንት ሰው እንደሚሳፈርና በወር ስንት ጊዜ እንደሚደረግ ይጻፉ። በተጨማሪም መኪናውን ማን ማን እንደሚነዳው፣ በተለይ ማኑዋል ካምቢዮ በዳገት ላይ አስነሥቶ መንዳት የማይመቸው የቤተሰብ አባል መኖር አለመኖሩን ይጻፉ።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር የመካኒኩ ነው። መኪና ከማየትዎ በፊት የሚያምኑትን መካኒክ ሄደው «የትኛውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትተህ ገጥመህ ታውቃለህ? ኮዱን የሚያነብ ኮምፒውተር አለህ? የካምቢዮ ዘይቱን ከየት ታመጣለህ?» ብለው ይጠይቁት። የሚሰጥዎት መልስ ከሻጩ ገለጻ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

ደረጃ 2፦ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት በከፍታው ይቀንሱ

ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ በግምት 10 በመቶ ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ ሐረር 1900 ሜትር ይጠጋል፣ በሐሮማያ በኩል ያለው ደጋ ደግሞ ከ2000 ሜትር ያልፋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የ2007 ካምሪ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር በወረቀት ላይ 158 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ድሬዳዋ ላይ የሚቀረው 139 ገደማ፣ ደጋው ላይ ደግሞ 126 ገደማ ነው። የ2012ቱ ባለ 2.5 ሊትር 178 የነበረው ወደ 142 ይወርዳል፣ ባለ 3.5 ሊትሩ ቪ6 (ባለ 6 ሲሊንደሩ ሞተር) ደግሞ ከ268 ወደ 214። መኪናው ብቻውን አንድ ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል፤ አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር የሚለካው ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ያህል ሲዞር ሲሆን ቤተሰብ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ሞተሩን እዚያ ድረስ እያስጮኸ አይነዳም። ዳገት ላይ የሚሠራው ከ2000 እስከ 4000 ዙር ባለው ክልል ውስጥ የሚገኘው የማዞር ኃይል ነው፤ ያንን ኃይል ጎማው ዘንድ አባዝቶ የሚያደርሰው ደግሞ ካምቢዮው ነው። ባለ 4 ማርሽ አሮጌ አውቶማቲክ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሄድ ዙሩ በጣም ስለሚወድቅ መኪናው ዳገት ላይ ሁለተኛው እየጮኸበት፣ ሦስተኛው እየከበደው ይቸገራል። ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ግን በማርሾቹ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በመሆኑ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ሞተር በእጅጉ የተሻለ ይወጣል። ከ20 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ ይልቅ ሁለት ተጨማሪ ማርሽ ለደንገጎ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 3፦ የሞተሩን ዓይነት ይወስኑ

በሐረር የአጥር ግንብ ዙሪያ ዛሬም የሚታዩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ስለ ሞተር አመራረጥ ብዙ የሚያስተምሩ ናቸው። 404 በፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 የተሠራ፣ በዘመኑ ትልቅ የቤተሰብ መኪና የነበረ፣ ባለ 1.6 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር የያዘና በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ደጋግሞ ያሸነፈ መኪና ነው። ለዚህን ያህል ዘመን በአገልግሎት ላይ ሊቆይ የቻለው ጉልበቱ ከሌሎቹ በልጦ አልነበረም፤ የሲሊንደሩ ሸሚዝ (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ከሞኖብሎኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና አካል፣ ተነቅሎ የሚወጣ በመሆኑ ሲበላ ከነፒስቶኑ በአዲስ ተተክቶ ሞተሩ እንደገና ስለሚነሣ፣ ይህንንም የከተማው መካኒክ በራሱ ጋራዥ ስለሚሠራው ነው። የዛሬዎቹ የአሉሚኒየም ሞተሮች ሸሚዛቸው ከሞኖብሎኩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አንድ ጊዜ በሙቀት ከተበላሹ ጥገናቸው እንደዚያ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዘመናዊ ሞተር የሚገዛ ሰው በማቀዝቀዣው ሥርዓት ላይ ከ404 ባለቤት ይልቅ እጅግ ጥብቅ መሆን ይጠበቅበታል።

ቱርቦ የሌለው ባለ 4 ሲሊንደር 2.4 ወይም 2.5 ሊትር ለአብዛኛው የድሬዳዋ ቤተሰብ ትክክለኛው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። በከተማ ውስጥ ኤሲ ተከፍቶ ሲነዳ ቤንዚን በመጠኑ ይጠጣል፣ ኮፈኑ ሥር ለመካኒክ እጅ የሚበቃ ቦታ አለው፣ የሙቀት ጫናውም ከቪ6 ያነሰ ነው። አብዛኞቹ በካቴና ስለሚሠሩ በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስተባብር ቀበቶ) የላቸውም።

ቪ6 የሚመከረው ሙሉ ቤተሰብ ይዞ በወር አንድና ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ነው። ዳገቱን በዝቅተኛ ዙር ስለሚወጣው ካምቢዮውም ብዙ ጊዜ ማርሽ እየቀያየረ አይደክምም። ሆኖም ሦስቱ ካንዴላዎች ከኋላ፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ስለሚገኙ ቀላል የሚባለው ሥራ ሁሉ ብዙ መፍታትን ይጠይቃል፤ የቶዮታው 3.5 ሊትር በአንድ ሰርቪስ 6 ሊትር ያህል ዘይት ሲወስድ ባለ 2.5ቱ የሚወስደው 4.4 ሊትር ነው። የሆንዳ ቪ6 ደግሞ በታይሚንግ ቺንጋ ይሠራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ አምራቹ በተለመደው አነዳድ እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ወይም 7 ዓመት የሚፈቅደውን በጣም ሞቃት በሆነ አካባቢ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ይቀንሰዋል። የተቀየረበትን ማስረጃ ሻጩ ካላቀረበ የቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑንና የማጥበቂያውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።

ቱርቦ ያለው አነስተኛ ሞተር፣ ለምሳሌ ከ2018 ወዲህ የመጣው የአኮርድ 1.5 ሊትር፣ ከፍታው ላይ ብዙ ጉልበት ስለማያጣ ለሐረር መንገድ በሐሳብ ደረጃ ተስማሚ ነው። ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀት ስለሚሠራ ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይት በጊዜው የማይቀየርለት ቱርቦ አይቆይም፣ ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት አንድ ሁለት ደቂቃ በቆመበት እንዲሠራ መተው ይገባል። የአውሮፓ ናፍጣ መኪኖች በአካባቢው ጥቂት ናቸው፤ የነዳጅ መርጫቸው ለውሃና ለቆሻሻ ስሱ ስለሆነ የሚያውቃቸው መካኒክ ከሌለ አይመከሩም።

ደረጃ 4፦ የካምቢዮውን ዓይነት ይለዩ

ማኑዋል ካምቢዮ ከሁሉም ቀላል፣ በየትኛውም ጋራዥ የሚጠገን ነው። ድካሙ የሚያርፈው ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። በቁልቢ ንግሥ ቀን መኪና ከመኪና ተነካክቶ ዳገቱን እየተሳበ በሚወጣበት ሰዓት ፍሪሲዮኑን በግማሽ እየረገጠ መኪናውን በዳገት ላይ የሚይዝ አሽከርካሪ በአንድ ቀን ብዙ ወራት የሚያገለግለውን ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል። መኪናውን በእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፊት ያለው ቦታ ሲከፈት ብቻ መነሣት ትክክለኛው አሠራር ነው።

የተለመደው አውቶማቲክ ኃይሉን ከሞተር የሚቀበለው በዘይት አማካይነት ስለሆነ በዝግታ መሳብን ከሁሉም የተሻለ ይችላል። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ዘይቱ ከተለመደው የሥራ ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ራዲያተር ውስጥ በማለፍ ስለሆነ፣ የደፈነ ራዲያተር ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ካምቢዮውንም ያበስላል።

ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ማርሽ የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል በዘይት ግፊት ተጣብቆ ይይዛል፣ ፑሊዎቹ እየሰፉና እየጠበቡም ፍጥነቱን ያስተካክላሉ። በሜዳ ለስላሳና ቤንዚን ቆጣቢ ነው። በረጅም ዳገት፣ በሙሉ ጭነትና በሙቀት ግን ያ ግፊት ያለማቋረጥ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ዘይቱ ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ካምቢዮውን ለማዳን የሞተሩን ጉልበት ሊቀንስ ይችላል፣ ያን ጊዜ መኪናው ዳገት ላይ ጋዝ ቢረገጥም አይሰማም። ኒሳን ከ2003 እስከ 2010 ለተሠሩት ሲቪቲ መኪኖቹ በአሜሪካ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ማራዘሙ የዚያ ትውልድ ካምቢዮ ችግር እንደነበረበት የሚያመለክት ነው። ከዚያ ዘመን የሆነ አልቲማ በዋጋው ርካሽነት ተማርኮ ለደንገጎ መንገድ መግዛት አይገባም ባይ ነኝ። በዘይት ውስጥ በማይነከር ደረቅ ጥንድ ፍሪሲዮን የሚሠሩ እንደ አንዳንድ ፓሳት ያሉ መኪኖችም በቁልቢው ዓይነት ሰልፍ ውስጥ በፍጥነት ስለሚግሉ ከዝርዝሩ ቢወጡ ይሻላል።

የቶዮታ ሃይብሪድ ካምቢዮ ስሙ ከሲቪቲ ጋር ቢጠራም አሠራሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ቀበቶም ፍሪሲዮንም የለውም፤ አንድ የማርሽ ስብስብ ሞተሩንና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ያገናኛል። በጥንካሬው የተመሰከረለት ነው። በድሬዳዋ የሚያሳስበው ትልቁ ባትሪ ነው፤ የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለው ቀዳዳ ከመኪናው ውስጥ በሚሳብ አየር በመሆኑ ቀዳዳው በአቧራ ከተደፈነ ወይም ሻንጣ ከተደገፈበት ባትሪው ይግላል።

ደረጃ 5፦ የሚታወቁትን ጥንዶች አንድ በአንድ ያጣሩ

ካምሪ 2007–2009 ባለ 2.4 ሊትር ከባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ጋር፦ ካምቢዮው ጥሩ፣ ሞተሩ ግን ዘይት የመብላት ታሪክ ያለው ነው። በፒስቶኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ በመሆናቸው ፋሻዎቹ (የፒስቶኑ ቀለበቶች) በካርቦን ይያዛሉ፤ ቶዮታ በአሜሪካ ለዚህ ችግር ልዩ ዋስትና ሰጥቶ ፒስቶንና ፋሻ ቀይሯል። በ2000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር የሚያጎድል ሞተር ከታመሙት ውስጥ ነው። የተሻለ ጥንድ የሚገኘው ከ2010 ጀምሮ በመጣው ባለ 2.5 ሊትርና ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ላይ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ለድሬዳዋና ለሐረር መንገድ በይበልጥ የሚስማማው ከ2010 እስከ 2017 ያለው ይህ ጥንድ ነው። ባለ 3.5 ሊትሩ ቪ6 ከ2007 ጀምሮ በባለ 6 ማርሽ የመጣ ጠንካራ ጥንድ ነው።

አኮርድ 2.4 ሊትር ከባለ 5 ማርሽ ጋር ታማኝ ነው። ከ1998 እስከ 2004 የተሠሩት የአኮርድ ቪ6 አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ግን የታወቀ ድክመት አለባቸው፤ የ2003 እና የ2004ቱ በሁለተኛ ማርሽ ላይ በሚፈጠር ከፍተኛ ሙቀት ምክንያት በአምራቹ ለጥገና የተጠሩ ናቸው። ሁለተኛ ማርሽ በትክክል የደንገጎ ማርሽ በመሆኑ እነዚህን እዚህ መግዛት አያዋጣም።

ሶናታ 2011–2014፣ በአሜሪካ የተሠራው፣ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው 2.4 ሊትር፦ በማምረቻ ጊዜ የቀረ የብረት ብናኝ የዘይት መተላለፊያውን እየዘጋ የፒስቶን ዘንግ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበትን ስስ የብረት ሽፋን) ስለሚያቃጥል በ2015 እና በ2017 በብዛት ለጥገና የተጠራ ሞተር ነው። ከሞተሩ ሥር ዙር ሲጨመር አብሮ የሚፈጥን የማንኳኳት ድምፅ ካለ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

የትኛው ጥንድ እንደሆነ ለማረጋገጥ የሻጩን ቃል ሳይሆን ሊብሬውን ይመልከቱ። የሲሲው መጠን፣ የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ከመኪናው አካል ጋር መመሳሰል አለባቸው። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ ሊብሬው ላይ መስፈሩን፣ የተገጠመው ሞተርም ከቀድሞው ካምቢዮና ኮምፒውተር ጋር የሚሄድ መሆኑን መካኒክዎ ይመርምር።

ደረጃ 6፦ መኪናውን በጠዋት፣ ሳይሞቅ ይመርምሩ

ከፀሐይ መውጫ በፊት ወይም እንደወጣች ይሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣው ይለምኑት። ኮፈኑን በእጅ ነክተው ቅዝቃዜውን ያረጋግጡ። የዘይት መለኪያውን ያውጡ፤ ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ ወይም ወተት የመሰለ ቀለም ካለው ምልክቱ ከባድ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ይክፈቱ። ቀይ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ኩላንት ይጠበቃል። ዝገት የቀላቀለ ንጹሕ ውሃ ከሆነ መኪናው ቀደም ሲል ፈልቶ ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል። ውሃ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳንና ኩላንት የሌለው ራዲያተር ያለው መኪና ሜዳው ላይ ደህና መስሎ ዳገቱ ጫፍ ሲደርስ ይፈላል። ክዳኑ ላስቲኩ የደረቀ ከሆነ ሌላ ክዳን ይገጠም፤ ዋጋው ትንሽ፣ የሚያድነው ሞተር ነው።

የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ ያሽቱት፤ የተቃጠለ ሽታና ጥቁር ቀለም ፍሪሲዮኖቹ መቃጠላቸውን ያሳያሉ። ባለ 6 ማርሹ ካምሪ መለኪያ ስለሌለው ዘይቱ የሚታየው ከሥር ባለው ቡሎን ነው። ቁልፉን ሲከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለበት፤ መጀመሪያውኑ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ይሆናል። ሞተሩ ሲነሣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ የማይቆም ነጭ ጭስ ደግሞ ከቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ካለው ማሸጊያ) የሚያልፍ ኩላንት ነው።

ደረጃ 7፦ ደንገጎን ይውጡ

ይህ ሊዘለል የማይገባ ደረጃ ነው። ሻጩ ቤንዚኑን እርስዎ እንደሚሞሉ ከነገሩት አብዛኛውን ጊዜ ፈቃደኛ ይሆናል፤ ፈጽሞ የማይፈቅድ ከሆነም ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። አራት ሰው ይዘው፣ ኤሲውን ከፍተው፣ ፀሐይ ጠንከር ባለችበት ሰዓት ከድሬዳዋ ይነሡ።

የሙቀት መጠቆሚያው ከመካከል ወደ ላይ መንቀሳቀስ የለበትም። አውቶማቲክ ከሆነ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ድንጋጤና መዘግየት መኖሩን ያስተውሉ፤ ዙሩ ዘሎ ወጥቶ መኪናው ሳይፈጥን ከቀረ ካምቢዮው ይንሸራተታል። ባለ 5 እና ባለ 6 ማርሹ በሁለት ማርሾች መካከል ያለማቋረጥ የሚዋልል ከሆነ በእጅ ሦስተኛ ላይ ያስቀምጡትና ይረጋ እንደሆነ ይዩ፤ ከረጋ ችግሩ የጉልበት ማነስ እንጂ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ሲቪቲ ከሆነ በዳገቱ የመጨረሻ ክፍል ላይ ጉልበቱ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ መሆኑን በጥንቃቄ ያነጻጽሩ። ማኑዋል ከሆነ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ሳሉ ጋዙን ጠንከር አድርገው ይርገጡ፤ ዙሩ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

ወደ ሐረርና ወደ ቁልቢ የሚለያዩት መንገዶች ጋ ሲደርሱ ዳር ይዘው ይቁሙና ሞተሩን ሳያጠፉ ጥቂት ይጠብቁ። የራዲያተሩ ፋን ተነሥቶ መልሶ መቆም አለበት። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ቀለሙን ይዩ፤ የኤሲ ውሃ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው።

ደረጃ 8፦ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዘው ይመለሱ

ጥሩ ጥንድ ወደ ላይ የሚወጣ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም የሚይዝ ነው። ማኑዋሉን በወጡበት ከባድ ማርሽ ያውርዱት። አውቶማቲኩን ከዲ ወደ 3 ወይም ወደ 2፣ ኤስ ያለውን ወደ ኤስ አድርገው ማርሹን ይቀንሱ፤ ሲቪቲውን ወደ ኤል፣ ሃይብሪዱን ወደ ቢ ያዛውሩ። ሞተሩ ዙሩን ከፍ አድርጎ መኪናውን ሲይዘው ይሰማል፤ ይህ ጤናማ ነው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመያዝ እየረገጡ እየለቀቁ ይሂዱ። ቤንዚን ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ በሁለት ምክንያት ስሕተት ነው፦ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊያቆም ይችላል፣ ቁጠባውም የለም፤ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠራ ሞተር በማርሽ ቁልቁለት ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ስለሚያቋርጥ በዜሮ ሲለቀቅ ነው የሚያቃጥለው። በማርሽ ቢያዝም የማይይዝ፣ ወይም ማርሹ ሲቀነስ ትእዛዙን የማይቀበል ካምቢዮ ያለውን መኪና አይግዙ።

ደረጃ 9፦ ከገዙ በኋላ በመጀመሪያው ወር የሚሠራ

የቀድሞው ባለቤት ሁሉንም እንደቀየረ ቢናገርም የሞተር ዘይቱን ከነፊልትሮው፣ ኩላንቱንና የካምቢዮ ዘይቱን ይቀይሩ። ኩላንቱ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀል። የካምቢዮ ዘይት በቀለም ሳይሆን በስሙ ነው የሚገዛው፦ ከ2007 ወዲህ ላለው ካምሪ ደብሊው ኤስ፣ ለሆንዳ አውቶማቲክ ዲደብሊው-1፣ ለሆንዳ ሲቪቲ ኤችሲኤፍ-2፣ ለኒሳን ሲቪቲ እንደ ዘመኑ ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3። ሲቪቲ ውስጥ ተራ የካምቢዮ ዘይት መጨመር ቀበቶውን ያንሸራትተዋል። የድሮው ዘይት በጣም ጠቁሮ ከተገኘ በግፊት ማሽን ሙሉ በሙሉ ከማጠብ ይልቅ በቡሎኑ በኩል የሚወጣውን ያህል ብቻ አውጥቶ በዚያው ልክ መተካት፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላም መድገም ይመረጣል።

መለኪያ በሌለው የቶዮታ ካምቢዮ ላይ የዘይቱ ልክ የሚወሰደው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሳለ ነው። በድሬዳዋ ቀትር ላይ መኪናው ገና ጥቂት ሠርቶ ዘይቱ ያንን ያልፈዋል፤ ሲግል ስለሚያብጥም ከቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይፈስና ካምቢዮው ዘይት አንሶት ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ሌሊቱን በቆመ መኪና ላይ፣ በማለዳ፣ ሙቀቱን በኮምፒውተር እያነበቡ እንዲሠራ ከመካኒኩ ጋር ቀጠሮ ይያዙ፤ ቡሎኑ ከታሰረ በኋላም መኪናውን አንድ ጊዜ ደንገጎ አድርሰው ሲመለሱ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው አሳድረው በጠዋት ጠብታ መኖር አለመኖሩን ይዩ።